ጭኔ ውስጥ ያሉት መቀሶች

ጭኔን የሰበርኩት ታክሲ ሳይቆም ልወርድ ስል ነው። አዳለጠኝ ብዬ ላስወራ ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ የታክሲው ረዳት ለፒያሳ ሕዝብ አንድም ሳያስቀር አውርቶ ጨርሷል። በወጣትነታችን ለእኛ ለአራዳ ልጆች ታክሲ እስኪቆም መጠበቅ የፋራ ሥራ ነበር። ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነስ ሲያደርግ አንድ እግር ቀድሞ አስፋልቱን ይነካል፣ ሁለተኛው ይከተላል፣ ትንሽ ሮጥ ይባልና ምንም እንዳልተፈጠረ ኮት ይስተካከላል። ሴቶች ያዩናል ብለን ነው። ያዩን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እንግዲህ በሰባ ምናምን ዓመቴ ከአራት ኪሎ ስመለስ አንዲት ደርባባ ሴት አጠገቤ ተቀምጣለች። «ወራጅ አለ!» አልኩ፤ ድምፄን ወፈር አድርጌ። ሹፌሩ ቀነስ አደረገ። ረዳቱ «ፋዘር፣ ቆይ ይቁም!» ቢለኝ «ዝም በል፤ እኔ መውረድ የጀመርኩት አንተ ሳትወለድ ነው» አልኩትና ወረድኩ። አንደኛው እግሬ አስፋልቱን ነካ። ሁለተኛው የራሱ ሐሳብ ነበረው።

ሐኪሞቹ ከዳሌዬ ዝቅ ብሎ የተሰበረውን አጥንት ብረት አስገብተው ገጠሙት። በማግስቱ ጠዋት አንድ ልጅ እግር ሐኪም መጣና ከአልጋዬ አወረደኝ። «አባባ፣ ብረቱ ይይዝልዎታል። እርስዎ ይቁሙበት፤ ቤትም ሲገቡ በየቀኑ ይቁሙበት» አለኝ። የብረት መደገፊያ ጨብጬ ከአልጋው እስከ መስኮቱ ተንፏቀቅኩ። ስመለስ ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቋል። ቢሆንም ቆሜ ነበር። ቤቴ ስገባ ግን የሐኪሙ ትእዛዝ በሩ ላይ ቀረ።

የምኖረው ከቸርችል ጎዳና አናት አለፍ ብሎ፣ ከታች ሱቅ ከላይ መኖሪያ የሆነ የእንጨት ሰገነት ያለው አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ዙሪያችን ሲፈርስ የእኛ ረድፍ ቀርቷል። እንዴት እንደቀረ አልጠየቅኩም፤ እንዲህ ያለውን ነገር እየጠየቁ ሰው ማስታወስ አያስፈልግም። ወደ ላይ የሚያወጣው የእንጨት ደረጃ ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፤ መሐል ላይ ይታጠፍና እንደገና ቀጥ ይላል። የሰፈር ጎረምሶች በወንበር ተሸክመው አወጡኝ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ አንዱ «ጋሼ ለካ ከባድ ናቸው» ቢል ሌላው «ብረቱ ነው ባክህ» አለው።

ከዚያ ጠያቂ ጎረፈ። ከተማው ጫፍ ጫፍ የተበተኑት የድሮ ጎረቤቶቼ ሳይቀሩ ታክሲ እየቀያየሩ መጡ። ብርቱካን ያዘለ ፌስታል፣ ዳቦ፣ የታሸገ ጭማቂ ጠረጴዛው ላይ ተከመረ። እኔ ደግሞ ሰው ሲገባ ተነስቶ «ኖር» ማለትን በኩርኩም የተማርኩ ሰው ነኝ። ታዲያ ገና ቂጤ ከወንበሩ ሲላቀቅ «ኧረ በሞቴ! አይነሱ!» እያሉ ከግራ ከቀኝ ትከሻዬን ተጭነው መልሰው ይተክሉኛል። ለሽማግሌ፣ ያውም ለታመመ ሽማግሌ፣ ከዚህ የበለጠ አክብሮት የለም። ውሃ ልቀዳ ስል ውሃው እጄ ይገባል። መስኮት ልከፍት ስል ሦስት ሰው ይሽቀዳደማል። እውነቱን ለመናገር ተመችቶኝ ነበር። ንጉሥ ብሆን ኖሮ ሥራውን በሚገባ እወጣው እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጭን ስለካ የኖርኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። አንድ ጠዋት ሱሪዬን አጥልቄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሳለ የቀኙ እግር እንደ መጋረጃ ሲወዛወዝ አየሁት። ራሴ የሰፋሁት ሱሪ ስለሆነ ስፌቱን አልጠረጠርኩም። የጎደለው እግሩ ነው። ልቆምበት ብሞክር ጉልበቴ እንደ ረጠበ ካርቶን እጥፍ ብሎ መልሶ አልጋው ላይ ጣለኝ።

ወንዱ ልጄ ያንን ቆሞ አየ። ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የሚመጣው።

«አባዬ፣ ይህ ደረጃ ከእንግዲህ ለእርስዎ አይሆንም» አለኝ። በወትሮው አንተ ነው የሚለኝ፤ አንቱ ካለኝ ወይ ሰው ሞቷል ወይ ነገር ተወስኗል። «እኔ ጋ ምድር ላይ አንድ ክፍል አዘጋጅቻለሁ። መታጠቢያው እዚያው ነው። ደረጃ የሚባል ነገር የለም።»

«ሌላስ ምን አለ?»

«ጸጥታ አለ።»

«ጸጥታውስ ኋላም አይቀርልኝም። ምን አስቸኮለኝ?»

ልጄ የሚኖርበትን ሰፈር አውቀዋለሁ። ሰው ማለዳ ወጥቶ ሲመሽ የሚገባበት፣ ቀን ቀን ዘበኛውና ነፋሱ ብቻ የሚተያዩበት ነው። ማኪያቶዬን ከማን ጋር ልጠጣ ነው? ከብሎኬቱ ጋር? ተጨቃጨቅን። የኔው ልጅ ስለሆነ እሱም ግትር ነው። በመጨረሻ ተዋዋልን፤ የልጅ ልጆቼ ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት ማንም ሳይደግፈኝ ደረጃውን ወርጄ መልሼ ከወጣሁ እዚሁ እኖራለሁ፤ ካልቻልኩ ዕቃዬ ይጫናል። ተጨባበጥን። እጁን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት፤ እንዲያመው ብዬ ነው።

ሴቷ ልጄ አራት ኪሎ የሳይንስ ግቢ ታስተምራለች። የራሷ ቤት አፍንጮ በር ነው፤ ከተሰበርኩ ወዲህ ግን እኔ ጋ ታድራለች። የተመራመረችው በአጥንት ሴሎች ላይ ነው፤ ይልቁንም እዚያ ውስጥ ፕሮቲን በሚቆርጡ ኢንዛይሞች ላይ። ሰው «ልጅህ የምን ዶክተር ናት?» ሲለኝ ለዓመታት «የትልቅ ነገር» እያልኩ ነው ያለፍኩት። ወንድሟ በሄደ ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ፣ የተማሪ ፈተና እያረመች ሳለ ጠረጴዛዋን በከዘራዬ መታ መታ አደረግኩ።

«ስሚ፣ አንቺ አጥንት አይደል የምታጠኚው? ይኸው አጥንት። ቤትሽ ድረስ መጣልሽ።»

«እኔ የማየው በማይክሮስኮፕ ነው፣ አባዬ። አንተ አትገባበትም።»

«ቀልዱን ተዪ። ጭኔ ውስጥ ምን እየተሠራ ነው?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አጥንት ድንጋይ አይደለም አለችኝ። ቀን ከሌት የሚፈርስና የሚሠራ ነገር ነው፤ የሚበሉት ሴሎች አሉ፣ የሚሠሩት ሴሎች አሉ። በሊታዎቹ አጥንቱ ላይ ልጥፍ ብለው መጀመሪያ በአሲድ ጠንካራውን ማዕድን ያሟሙታል። ከማዕድኑ ሥር ኮላጅን የሚባል የፕሮቲን ክር አለ። ያንን ደግሞ በኢንዛይም ይቆርጡታል።

«መቀስ ማለት ነው?»

«መቀስ በለው።»

«ታዲያ እነዚህን መቀሶች የሚያስቆም ኪኒን አምጪልኝና እንገላገል!»

ሳቀች። «ኪኒኑማ አለ፤ ሐኪም ያስፈልገዋል ላለው ሰው ነው። ግን መቀስ ያላቸው በሊታዎቹ ብቻ መሰሉህ እንዴ? የሚሠራው ሴል ኮላጅኑን ሲያወጣው በሁለቱም ጫፍ ጭራ አለው። ጭራው ካልተቆረጠ ክር ከክር ጋር አይገጥምም። የሚቆርጥለት ሌላ ኢንዛይም አለ። እሱ ከጎደለ አጥንቱ ተሠርቶም ተሰባሪ ይሆናል።»

ይኼኛው ገባኝ። እኔም ሳልቆርጥ የሰፋሁት አንሶላ ብቻ ነው። «በይ ቀጥዪ» አልኳት፤ ሊቅ የሆንኩ መስሎኝ።

«ከሚሠሩት ሴሎች አንዳንዶቹ ራሳቸው በሠሩት ግድግዳ ውስጥ ተቀብረው ይቀራሉ።»

«ይሞታሉ?»

«አይሞቱም። ከግድግዳው ውስጥ ሆነው ቀጫጭን ክንዶች ያወጣሉ። ክንዱ እንዲያልፍ ኢንዛይሙ ፊት ለፊቱ ያለውን ፕሮቲን እየቆረጠ መንገድ ያበጅለታል። በዚያ መንገድ ከጎረቤቱ ጋር ይነካካል። እኔ ያጠናሁት ይህንን ነው። ኢንዛይሙን ስትነሳው ክንዱ አይወጣም፤ ክንድ የሌለው ሴል ደግሞ ብዙ አይቆይም።»

«እዚያ ተቀብሮ ሥራው ምንድን ነው?»

«ክብደት መስማት። ስትቆም አጥንትህ በዓይን በማይታይ መጠን ይጎብጣል። እሱ ይሰማዋል፣ ለጎረቤቶቹ ያስተላልፋል። ሰውዬው ቆሟል፣ ሥሩ ይላቸዋል።»

«ካልቆምኩስ?»

«ካልቆምክማ ይህ ግድግዳ ለማንም አያስፈልግም ይላል። በሊታዎቹን ይጠራል።»

ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ብርቱካን አየሁት። ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ፣ ከጎረቤቱ ጋር በቀጭን መንገድ እየተነካካ፣ የሚያልፈውን ክብደት ሁሉ እየሰማ የሚኖር ፍጥረት! ይህ ሴል ፒያሳ የተወለደ መሆን አለበት።

«እና እኔ ተቀምጬ የሰውን ብርቱካን ስበላ እነሱ እኔን እየበሉ ነው?»

«ባጭሩ አዎ። ሐኪሙ የነገረህ ይህንኑ ነው። ከወንበር ተነስ፣ ተቀመጥ፣ ተነስ። መደገፊያህን ይዘህ ደጋግመው።»

«ያለ ምክንያት?»

«ያለ ምክንያት።»

«እኔ ያለ ምክንያት ተነስቼ የተቀመጥኩት ስብሰባ ላይ ብቻ ነው» አልኳት። ሞከርኩት ግን። ባዶ ክፍል ውስጥ ለማንም ሳይሆን ብድግ እያሉ መቀመጥ ሰውን ምን ያህል ቂል እንደሚያስመስል ያልሞከረው አያውቅም። ትንሽ ቆይቼ ተውኩት።

ምክንያቱ በማግስቱ በሩን አንኳኳ። ከታች ያለው ሱቅ ባለቤት ናት። ጉራጌ ናት፤ እዚሁ ደረጃ ሥር ያደገች፣ ድምፅዋ ከቸርችል ጎዳና ክላክስ በላይ የሚሰማ፣ አክባሪዬና ተቆጪዬ። የበግ አጥንት ቅቅል በሰታቴ መሳይ ድስት ይዛ ገባች። መደገፊያዬን ጨብጬ ብድግ ማለት ጀመርኩ።

«ኧረ ጋሼ! በአላህ! አይነሱ!» ድስቱን አስቀምጣ ትከሻዬን ያዘች።

«እጅሽን አንሺ!»

«አይሆንም፣ ይቀመጡ!»

«ልቀቂኝ አልኩሽ! ካልተነሳሁ ይበሉኛል!»

«ማን ነው የሚበላዎት?»

«ጭኔ ውስጥ ያሉት!»

እጇን አነሳች። ፊቷ ተለዋወጠ። «አስተግፊሩላህ» አለችና ወደ በሩ አፈገፈገች። «ዶክተር! ኧረ ዶክተር! ነይማ፣ ጋሼን አንድ ነገር ነክቷቸዋል!»

ልጄ ከጓዳ ወጥታ እየሳቀች አስረዳቻት። ሴትዮዋ በጥሞና ሰማች፤ አንዴ እሷን አንዴ ጭኔን እያየች።

«እና እኛ አትነሱ እያልን ስናከብራቸው አጥንታቸውን እያስበላን ነው የከረምነው?»

«እንደዚያ በይው።»

«አሁን እኔ ስገባ ቢነሱ ይጠቅማቸዋል?»

«በጣም።»

«እንግዲያው ልውጣና ልግባ» አለች። ወጣች፤ በሩን ዘጋች፤ አንኳኳች። «አሰላሙ አለይኩም!»

እየተንቀጠቀጥኩ ተነሳሁ። «ኖር!»

«በአላህ፣ ይቀመጡ!» ተቀመጥኩ። ወጣች። አንኳኳች። «ኖር!» «በአላህ!» እንደገና ወጣች። ሲደጋገምብኝ «አንቺ ሴትዮ፣ ቤት የለሽም?» አልኳት። «ዝም ብለው ይነሱ!» አለችኝ። ቅቅሉ ቀዘቀዘ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከቁጥጥሬ ውጭ ሆነ። ወደ ላይ የሚወጣ ጠያቂ ሁሉ በሱቁ በር ማለፉ ስለማይቀር እዚያው ትእዛዝ ይሰጠዋል፦ ጋሼን እንዳትጫኗቸው፤ ሲነሱ ዝም ብላችሁ እዩ። ሰው ግን አለመደውም። በቆምኩ ቁጥር ከወዲህና ከወዲያ እጆች ይዘረጋሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይዘረጋሉ። አንዲት የድሮ ጎረቤቴ ላለመያዝ ብላ እጆቿን ነጠላዋ ሥር ደበቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቀረረ። ጠያቂ ሲጠፋ ባለ ሱቋ ዕቃ ሊገዛ የመጣውን ትልካለች። አንድ ቀን የማላውቀው ጎልማሳ ሳሙና ይዞ በሬ ላይ ቆመ። «ይቅርታ አባቴ፣ ከታች ያሉት ሴትዮ ገብተህ ውጣ ብለውኝ ነው» አለ። ተነሳሁለት። እሱም ደንግጦ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝና ሄደ። ሰውዬው እስከ ዛሬ ስለ ቤታችን ምን እንደሚያወራ አላውቅም።

እግሬ ግን ሰማ። መጀመሪያ በሁለት እጅ፣ ቆየት ብሎ በአንድ እጅ፣ ከዚያ ወንበሩን ብቻ ነክቼ መነሳት ቻልኩ። በሰገነቱ ላይ ወዲያና ወዲህ እል ጀመር። ትዕቢትም አብሮ መጣ፤ እሱ ምንም ዓይነት እንቅስቃሴ ሳያስፈልገው ነው የሚደልበው።

አንድ እሑድ የእድራችን ዳኛ ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። የዕድሜ እኩያዬ ነው፤ ልጅ ሆነን አብረን ኳስ ተራግጠናል። ሥርዓት ከተጣሰ የሚያመው ዓይነት ሰው ነው።

«አትነሳም» አለኝ ገና ከበሩ።

«እነሳለሁ።»

«የታመመ ሰው አይነሳም! ከተነሳህ ወጥቼ እሄዳለሁ።»

«ውጣ። ስትመለስ ደግሞ እነሳለሁ፤ ሁለት ይሆንልኛል።»

«ኧረ ይህ ሰው!» ብሎ ትከሻዬን ሊጫን መጣ። እኔ ወደ ላይ፣ እሱ ወደ ታች። መደገፊያው ከመሐላችን አመለጠ። ሁለታችንም ተያይዘን ወንበሩ ላይ ወደቅን፤ እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች፣ ጭኔ ውስጥ እንደ ጋለ ብረት ያለ ነገር ተሰማኝ። ጮህኩ። የእድሩ ዳኛ ሳይነሳ እዚያው ጭኔ ላይ ተቀምጦ «አላልኩህም?» አለኝ።

ልጄ በታክሲ ሆስፒታል ወሰደችኝ። አዲስ ስብራት የለም። ብረቱም እንዳለ ነው። ነገር ግን የተነሳሁትን የራጅ ፊልም በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግታ ስታሳየኝ ስንጥቁ ዙሪያ ደመና የመሰለ ነገር አየሁ።

«ይህ ገና አጥንት አይደለም» አለችኝ፤ ተቆጥታ ነበር። «መጀመሪያ እንደ ጆሮህ ጫፍ ያለ ለስላሳ ነገር ይሞላዋል። ያንን ኢንዛይሞቹ እየቆረጡ ካላነሱት ደም ሥር አይገባም። ደም ሥር ካልገባ ገንቢዎቹ አይደርሱም። ለሁሉም ተራ አለው። በግትርነት አይፈጥንም።»

«ጭኔ ውስጥም ሰልፍ አለ በይኛ።»

«አለ። አንተ ደግሞ ሰልፍ እየጣስክ ነው።»

«እኔ የቆምኩት በግትርነት ነው!»

«የቆምከው በብረት ነው» አለችኝ።

ለጥቂት ቀን ከሰው ጋር አልተነጋገርኩም። ሰገነቱ ላይ ተቀምጬ ድሮ ቤት የነበረበትን ሰፊ ቦታ አያለሁ። አሁን መብራትና ዛፍ ተተክሎበታል፤ ያምራል፤ ሰው ፎቶ ይነሳበታል። ልጄ ልክ ቢሆንስ? እያልኩ አሰብኩ። የኔ ጊዜ አልፎ ቢሆንስ? ደረጃውን ሳልወጣ ብቀር ነገ የምነቃው ነጭ በተቀባ ክፍል ውስጥ ነው፤ ቁርሴ ይቀርብልኛል፣ ቴሌቪዥኑ ይከፈትልኛል፣ ማንም አያንኳኳም። ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ እናደዳለሁ፤ ስናደድ እነሳለሁ። ተነሳሁ። በዚህ ጊዜ ግን ልጄ ባለችኝ ልክ፣ ቀስ ብዬ፣ መቀሶቹ ሥራቸውን እንዲጨርሱ እየለመንኩ። ጠዋት ጠዋት አንድ ደረጃ ወርዶ መውጣት፣ ቆየት ብሎ ሁለት። «ስትወርድ የታመመው ይቅደም፣ ስትወጣ ደህናው ይቅደም» ብላ አስጠናችኝ። ልብስ ሰፊ ሆኜ ግራና ቀኝ ማምታታቴ ግን ደንበኞቼ ባይሰሙት ይሻላል።

ሰኔ ገባ። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሰሞን ልጄ ጭነት መኪና ያለው ጓደኛውን ደውሎ ጠይቆ ነው የመጣው፤ ኋላ ነው የሰማሁት። ዝናቡ አባርቷል። ከዘራዬን ያዝኩ።

መውረዱ ከጠበቅኩት ቀለለ። የታመመው ይቀድማል፣ ደህናው ይከተላል። መጨረሻው ላይ ስደርስ የሱቋ ባለቤት እልልታውን አቀለጠችው፤ መንገደኛው ሙሽራ የሚወጣ መስሎት ዞር ዞር አለ። እርጥቡ አስፋልት ላይ ቆምኩ። ልጄ ከኋላዬ ወርዶ አጠገቤ ቆመ።

«ግማሹ ነው» አለኝ።

«መቁጠር ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።»

ሽቅብ ጀመርኩ። እስከ መታጠፊያው ደህና ሄድኩ። እዚያ ላይ ግን ደህናውን አንስቼ ስረግጥ የታመመው ከታች ይንቀጠቀጥ ጀመር። የምይዘው ነገር የለም፤ አንዱ ጎን የተላጠ ግድግዳ፣ ሌላው ጎን ባዶ። ከዘራዬ እርጥቡ እንጨት ላይ ሸርተት አለ። ከኋላዬ የልጄን ትንፋሽ ሰማሁ፤ እጁ ከወገቤ ጥቂት ራቅ ብሎ ተዘርግቷል።

«አባዬ፣ ይበቃል። እጄን ያዙ።»

«እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት!»

«ይወድቃሉ!»

«ኪስህ ውስጥ አልኩህ!»

ከተተ። ቀጥዬ መታጠፊያው ላይ ተቀመጥኩ፤ መቀመጥ አይቻልም የሚል ውል የለም። እሱም ከሥሬ ያለው ደረጃ ላይ ዘፍ አለ። ከኔ ብሶ ያለከልካል። መኪና ላይ የሚውል ሰው እንዲህ ነው። «የአንተንም እየበሉት ነው» ልለው ፈልጌ ፊቱን ሳይ ተውኩት።

«ስልክ በጮኸ ቁጥር ወደቁ የሚሉኝ ነው የሚመስለኝ» አለ፤ ደረጃውን እያየ። «ስብሰባ ላይ ሆኜ እንኳ። አንድ ቀን እዚህ ደረጃ ላይ ወድቀው ባገኝዎት ምን እሆናለሁ?»

ይህን ነግሮኝ አያውቅም።

«እዚያ ብትወስደኝ አልወድቅም፤ እውነትህን ነው» አልኩት። «አልነሳማ። ለማን እነሳለሁ? አንተ ሥራ ነህ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። እህትህን ጠይቃት፤ የማይነሳ ሰው አጥንት ምን እንደሚሆን ትንገርህ። እዚህ ግን ሰው ይገባል። ሰው ከገባ ደግሞ ተቀምጬ መቀበል አልችልም፤ እምቢ ይለኛል። መድኃኒቴ ይኸው ነው፤ አንተ ጋ የሚሸጥ አይደለም።»

ከላይ ሴቷ ልጄ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች፤ ከታች የሱቋ ባለቤት አንገቷን አስግጋ ትሰማለች። እኔ ደህናውን እግሬን አዘጋጀሁ፣ ከዘራዬን ተከልኩ፣ ተነሳሁ። ቀሪዎቹን ደረጃዎች ለመውጣት የፈጀብኝን ጊዜ ማንም እንዳይጠይቀኝ። ላይኛውን ስረግጥ እግሬ እንደ ዘፋኝ ከበሮ ይመታ ነበር። ልጄ ከኋላዬ መጣ፤ እጆቹ ኪሱ ውስጥ ናቸው።

«ለጓደኛህ ደውልለት» አለችው እህቱ። ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ሲደውል ሰማሁት። «መኪናው ይቅር፣ ወንድሜ… አይ፣ የለም፣ ደህና ናቸው… ደህናም አይደሉም፣ ግን ይቅር።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ አናጺ ይዞ መጣ። ደረጃው መደገፊያ እንጨት ሊገጠምለት ነው። ይህን አልተቃወምኩም፤ ውሉ ውስጥ ስለ እንጨት የተባለ ነገር የለም። አናጺው ሜትሩን ዘርግቶ ለካ፣ ግድግዳውን አንኳኳ፣ ሁለቱንም ጎን አየ።

«በሁለቱም በኩል ቢሆን ይሻላል» አለ። «በግራም በቀኝም ይይዛሉ።»

«በሁለቱም አድርገው» አለ ልጄ።

«አይሆንም» አልኩ ከላይ።

«አሁን ደግሞ ምን ሆኑ?»

«በሁለቱም በኩል ከሆነ ይጠባል። ሳጥኔ አያልፍም።»

«አባዬ!»

«ምን አባዬ ትላለህ? ስሞት ከዚህ ቤት የምወጣው በዚሁ ደረጃ አይደል? ልኬቱን በደንብ ይያዘው።»

አናጺው አንዴ ልጄን አንዴ እኔን አየ። ከዚያ ሜትሩን እንደገና ዘረጋና ስፋቱን ከግድግዳ እስከ ጠርዝ አንድ ጊዜ፣ ከትከሻዬ እስከ ትከሻዬ ደግሞ በዓይኑ ለካ። በአንድ በኩል ብቻ ሠራው።